ከቮላኖ ሥር ያለ ሙያ

ሰው ሞተርን የሚያደንቀው በድምፁ ነው። ገመዱ አንዴ ሲሳብ የሚነሳ፣ በሚኒሞ ሳይንተፋተፍ የሚያጉተመትም፣ ማፍጠኛው ሲዞርለት ሳያመነታ የሚፈተለክ የጀልባ ሞተር ሲገኝ ባለቤቱ ይመሰገናል፣ ፋብሪካው ይመሰገናል፣ ቤንዚኑ ሳይቀር ይመሰገናል። ይህን ሁሉ ያመጣው ነገር ግን በሞተሩ አናት ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፣ ከቮላኖው ሥር ተሸሽጎ ስለሚኖር የሚያነሳው የለም። እዚያ ውስጥ የእሳቱን ኮረንቲ የሚዘጉና የሚከፍቱ ሁለት ፑንቲናዎች አሉ። እስከ መጨረሻ ሲከፈቱ ክፍተታቸው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ጠባይ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱን የሚያስተካክለው አንድ ቪቴ ነው፤ ቪቴውን ማዞር ማንም ይችላል። ሙያው ያለው ቪቴው ከመዞሩ በፊት በሚደረገው ላይ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ የሞተር ዘር መምረጥ ይሻላል። ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኦሌ ኤቪንሩድ ከጀልባ ኋላ የሚታሰረውን ሞተሩን ሚልዋኪ ከተማ ላይ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። ጉልበቱ አንድ ተኩል ፈረስ፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። የኤቪንሩድ ኩባንያና ተፎካካሪው ጆንሰን ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ በኋላ አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን በተባለ አንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ከዚህ ኩባንያ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የወጡት ትናንሽ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች በቀለምና በስም ይለያዩ እንጂ ክዳናቸው ሲነሳ ወንድማማቾች ናቸው። ኩባንያው በ2000 መጨረሻ ከሰረ፤ ስሙን በኋላ የያዘው ድርጅትም በ2020 የኤቪንሩድን ሞተር ማምረት አቆመ። ከሞተሮቹ ግን ዛሬም የሚነሱ አሉ። ከሚያስነሷቸው ምክንያቶች አንዱ የእሳት ሥርዓታቸው በአንድ ካቻቢቴ፣ በአንድ ስስ መለኪያና በትዕግሥት ሊታደስ መቻሉ ነው።

እሳት ለምን ሰዓት ያስፈልገዋል? በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ፣ ካንዴላው እሳት በሰጠበት ቅጽበት ሁሉም ባንዴ አይነድም። ነበልባሉ ከካንዴላው ጫፍ ተነስቶ ግድግዳው ድረስ ለመስፋፋት ጊዜ ይወስዳል፤ ያም የሰከንድ ጥቂት ሺኛ ነው። ለእኛ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ፒስተኑ ለሚያዞረውና በደቂቃ 4,500 ጊዜ ለሚሽከረከረው ዘንግ፣ ለኮሎው ግን ረጅም ጊዜ ነው። 4,500 ዙር በደቂቃ ማለት 75 ዙር በሰከንድ፣ በዲግሪ ሲሰላ ደግሞ 27,000 ዲግሪ በሰከንድ ነው። ቃጠሎው ሁለት ሺኛ ሰከንድ ቢፈጅ ኮሎው በዚያ መሀል 54 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ እስኪደርስ ተጠብቆ እሳት ቢሰጥ፣ ግፊቱ የሚደርሰው ፒስተኑ ቁልቁል ጉዞውን ከጀመረ በኋላ ነው። ጉልበቱ ወደ ጭስ ማውጫው ይባክናል፣ ሞተሩም ይግላል። አብዝቶ ቢቀድም ደግሞ ግፊቱ ሽቅብ እየወጣ ያለውን ፒስተን ይገጥመዋል። ሲነሳ ገመዱን ከእጅ ይመነጭቃል፤ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ድብልቁ በአግባቡ መንደዱ ቀርቶ ይፈነዳል፣ ውሎ አድሮም የፒስተኑን አናት ይበሳል።

እነዚህ ሞተሮች እሳት ለመስጠት ባትሪ አይፈልጉም። ኮረንቲውን የሚፈጥረው ማግኔቶው ነው። ከቮላኖው ጠርዝ በውስጥ በኩል የተተከሉት ማግኔቶች በቦቢናው የብረት እግሮች አጠገብ ሲያልፉ፣ በቦቢናው ወፍራም ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ይነሳል። ፑንቲናው እንደተዘጋ ኮረንቲው ይዞራል። ፑንቲናው በተከፈተበት ቅጽበት መንገዱ ይቋረጣል፣ በቦቢናው ዙሪያ የቆመው የማግኔት ኃይል በድንገት ይፈርሳል፣ በሺዎች ዙር በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ውስጥም ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ሊደርስ የሚችል ግፊት ይፈጠራል። ካንዴላው የሚተኩሰው ያኔ ነው። ኮንደንሰሩ በበኩሉ ኮረንቲው ፑንቲናው ላይ ዘሎ ፊቱን እንዳያቃጥለው ተቀብሎ ያበርደዋል።

እንግዲህ የእሳቱ ሰዓት ፑንቲናው የሚከፈትበት ሰዓት ነው። የሚከፍተው ደግሞ ኮሎው ላይ የተሰካው ካም ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ካሙ የፑንቲናውን እግር ቀድሞ ያገኘዋል፣ እሳቱም ይቀድማል። ከጠበበ እሳቱ ይዘገያል። እዚህ ሞተር ላይ ውፍረትን የለካ ሰው ጊዜን ለካ ማለት ነው። ደግሞም ካሙን የሚነካው እግር ከብረት ያልተሠራ በመሆኑ በዓመታት ውስጥ ይበላል። እግሩ በተበላ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱ ባለቤቱ ሳያውቀው ቀስ በቀስ ይዘገያል። «ሞተሩ አርጅቷል» ተብሎ ከሚጣለው መሀል ያረጀው ይህ እግር ብቻ የሆነ ሞሏል።

ሁለቱ ሲሊንደሮች እሳት የሚያገኙት በግማሽ ዙር ልዩነት፣ ተራ በተራ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ፑንቲና፣ የራሱ ቦቢናና የራሱ ኮንደንሰር አለው፤ ካሙ ግን አንድ ነው። በማሕሌት ቀኝና ግራ ቆመው እየተቀባበሉ እንደሚያዜሙ መዘምራን፣ አንዱ ወገን ጥቂት ቢቀድም የሌላው ዜማም ይበላሻል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፑንቲና ለብቻው ማስተካከል አይበቃም፤ የሁለቱ አከፋፈት ልክ 180 ዲግሪ መራራቅ አለበት። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ የሚተኩስ ሞተር ይነሳል፣ ይሄዳልም፤ ነገር ግን በሚኒሞ ይንገዳገዳል፣ ጀልባውንም ያንቀጠቅጣል።

የንድፉ ባለቤቶች ምስጋና የሚገባቸው አንድ ሌላ ነገር ላይ ነው። ሞተር ፍጥነቱ በጨመረ መጠን እሳቱም መቅደም አለበት። የዚያ ዘመን መኪኖች ይህን የሚያደርጉት በሚሽከረከሩ ክብደቶችና በሞተሩ የአየር ስበት ነበር። እዚህ ግን ፑንቲናዎቹና ቦቢናዎቹ የተቀመጡበት ሰሌዳ ራሱ ከቮላኖው ሥር ይዞራል። በዘንግ ከማፍጠኛው እጀታ ጋር ስለተያያዘ እጅ ሲያዞረው ሰሌዳው ይዞራል፣ እሳቱም ይቀድማል። በቃ፤ ሌላ መሣሪያ የለም። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጥበቡ ግን ጠለቅ ይላል። የማግኔቶ እሳት የሚበረታው ማግኔቱ በቦቢናው እግሮች ፊት አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ፑንቲናው ከተከፈተ ብቻ ነው። ፑንቲናው ብቻውን ተንቀሳቅሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ቦታ ይሳት ነበር፤ ሰዓት ሲቀድም እሳቱ ይደክም ነበር። ቦቢናውና ፑንቲናው በአንድ ሰሌዳ ላይ አብረው ስለሚዞሩ ግን፣ ሰዓቱ ቀደመም ዘገየ ፑንቲናው ሲከፈት ማግኔቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል። አንድ ሰሌዳ ሁለት ችግር ፈታ። ጥሩ ንድፍ ሲባል ይህን የመሰለ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። የቮላኖው ዳዶ ከተፈታ በኋላ ቮላኖው ሾጣጣውን የኮሎ ጫፍ ነክሶ ስለሚቀር በቀላሉ አይነሳም። ጀማሪ መዶሻ ያነሳል። ምት ግን ኮሎውንና ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ዳዶው የሚታሰርበትን ጥርስ ያበላሻል። ባለሙያ በሦስት ቡሎን ቮላኖውን ይዞ መሀሉን በቪቴ የሚገፋ መንቀያ ያስራል፤ ጥቂት ያጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ያጠብቃል። ቮላኖው በገዛ እጁ ቋ ብሎ ይለቃል። ለማግኔቶቹ ሲል ሳይጥለው ንጹሕ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለ ትዕግሥት ጥቅም የሚነገር ካለ ከዚህ ድምፅ ይጀምራል።

ቮላኖው ሲነሳ ጥድፊያ ያለበት ሰው ወዲያው ካቻቢቴውን ወደ ፑንቲናው ይወስዳል። ሙያ ያለው ግን በመጀመሪያ የኮሎውን ጫፍ ይዞ ወደ ጎን ይገፋል፣ መልሶ ይስባል። የላይኛው ኩሽኔታ ከተበላ ኮሎው ይወዛወዛል። የሚወዛወዝ ኮሎ ላይ የተለካ ክፍተት ውሸት ነው፤ ኮሎው ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል የአንዱ ፑንቲና ክፍተት ይሰፋል፣ የሌላው ይጠባል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ቀኑን ሙሉ ቪቴ ማዞር ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ኮሎው ከጸና ካሙን ያያል። በእነዚህ ሞተሮች ካም አንደኛው ፊት ላይ «ቶፕ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ያ ፊት ወደ ላይ መሆን አለበት። ቀድሞ የነካው ሰው ገልብጦት ከሆነ ሰዓቱ ሁሉ ይዛባል፣ ምክንያቱንም ፑንቲናው ላይ ሲፈልግ የሚውል አያገኘውም። ቀጥሎ ቦቢናዎቹን ይመረምራል፤ የ1950ዎቹ ቦቢናዎች ልባስ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ እሳቱም በስንጥቁ ያመልጣል። የቦቢናው የብረት እግሮች ከሰሌዳው ጉብታዎች ጠርዝ ጋር እኩል መሆናቸውን በጣቱ ይዳስሳል። ወጣ ካሉ ማግኔቱን ይፍቃሉ፣ ገባ ካሉ እሳቱ ይደክማል።

ከዚያ በኋላ ነው የፑንቲናው ፊት የሚታየው። ለብዙ ጊዜ የሠራ ፑንቲና ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ብናኝ ብረት ስለሚያሻግር አንደኛው ላይ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ ይበቅላል። መለኪያው ስስ ብረት ጉብታው ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚያልፍ ጉድጓዱን አያውቀውም፤ ልኩ ትክክል መስሎ ይታያል፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ሰፍቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፑንቲና ይቀየራል፣ ወይም ፊቱ በስስ ሞረድ እኩል ይደረጋል። ክፉኛ የተቃጠለ ከሆነ ኮንደንሰሩም ይጠረጠራል። አዲሱ ፑንቲናም እንኳ ከካርቶኑ እንደወጣ አይታሰርም፤ የጣት ቅባት ኮረንቲ ለመከልከል ይበቃል። አልኮል የነካ ንጹሕ ወረቀት በሁለቱ ፊቶች መሀል ይሳባል፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። ግራሶው ካሙን ለሚያለሰልሰው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ያውም በጥቂቱ። የበዛው ተፈናጥሮ ፑንቲናው ላይ ያርፋል፣ እዚያም ያርራል።

ክፍተቱ የሚለካው እግሩ የካሙ ከፍታ ላይ ሲያርፍ ነው። ልኩ 0.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ቢወፍር፣ የሰባት ፀጉር ያህል ማለት ነው። መያዣው ቪቴ ላላ ይደረጋል፣ ማስተካከያው በካቻቢቴ በትንሹ ይገፋል፣ ስሱ ብረት ገብቶ ይወጣል። የሚፈለገው ብረቱ ሲሳብ ጣት ላይ የሚሰማ ስስ መያዝ ነው፤ ሳይነካ ቢያልፍ ሰፍቷል፣ ፑንቲናውን እየገፋ ቢገባ ጠቧል። በጣቱ ያልተማመነ በሁለት ስሶች ይመሰክራል፦ 0.45ው ያለችግር ሲያልፍ 0.55ው እምቢ ካለ ልኩ መሀል ላይ አለ። ከዚያ መያዣው ይጠብቃል። ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ጋ ነው። ቪቴው ሲጠብቅ ፑንቲናውን ይዞት ይዞራል፣ ተለክቶ የነበረው ይለወጣል። ባለሙያ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ከተለወጠ ይፈታና እንደገና ይጀምራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስስ ብረት የሚናገረው ስለ ክፍተት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ፑንቲናው የሚለያይበትን ቅጽበት ነው። ይህን የሚያሳየው ከትንሽ ባትሪ ጋር የተያያዘ የመፈተሻ አምፖል ወይም ቴስተር ነው። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ አምፖሉ ይበራል፣ ሲከፈት ይጠፋል። መጀመሪያ ግን የቦቢናውና የኮንደንሰሩ ሽቦ ከፑንቲናው መነቀል አለበት። የቦቢናው ወፍራም ሽቦ ለኮረንቲ እምብዛም እንቅፋት ስለማይሆን፣ ካልተነቀለ ፑንቲናው ተከፍቶም አምፖሉ እንደበራ ይቀራል። ከዚያ ኮሎው ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከላይ ሲታይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በዝግታ ይዞራል። ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ አይፈቀድም፤ በመገጣጠሚያዎች መሀል ያለው ልቅነት ልኩን ያሳስታል። ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳየው ፋብሪካው የቀረጸው ምልክት ወይም ለዚሁ ሥራ ኮሎው ላይ የሚሰካ የብረት መለኪያ ነው። አምፖሉ ምልክቱ ሳይደርስ ከጠፋ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ አልፎ ከጠፋ ጠቧል። አንደኛው ሲይዝ ኮሎው ግማሽ ዙር ይዞርና ሁለተኛው ይፈተናል። ሁለቱም በየምልክታቸው ላይ ሲያጠፉት ሥራው መስመር ይዟል።

መግጠሙም ከመፍታቱ አይቀልም። ቮላኖውን ከኮሎው ጋር የሚያስማማው በየጎድጓዳው የምትቀመጥ ትንሽ የብረት ሽብልቅ ናት። በእነዚህ ሞተሮች ሽብልቋ የምትስተካከለው ከኮሎው መሀል መስመር ጋር እንጂ ከሾጣጣው ጎን ጋር አይደለም። ሾጣጣው ደግሞ ዘይትና ግራሶ የሌለበት ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ቮላኖውን በእውነት የሚይዘው የሁለቱ ሾጣጣ ፊቶች መናከስ ነው፣ የሽብልቋ ሥራ ቦታ ማሳየት ብቻ ነው። ዳዶው ፋብሪካው ባዘዘው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ካልጠበቀ ቮላኖው ይንሸራተታል፣ ሽብልቋም በከፊል ትቆረጣለች፣ ከላይ የተደከመበት ሁሉ በአንድ ጀምበር ይፈርሳል።

የመጨረሻው ስምምነት ከካርቡራተሩ ጋር ነው። ከሚዞረው ሰሌዳ ሥር ሌላ ጠመዝማዛ ካም አለ፤ ሰሌዳው ሲዞር ይህ ካም አንዲት ትንሽ መንኮራኩር እየገፋ የካርቡራተሩን በር ይከፍታል። ካሙ ላይ ምልክት አለ። መንኮራኩሯ ምልክቱ ላይ ስትደርስ በሩ ገና መከፈት መጀመር አለበት። ቀድሞ ከተከፈተ እሳቱ ገና ሳይቀድም ነዳጁ ይበዛል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ዘግይቶ ከተከፈተ እሳቱ ቀድሞ ነዳጁ ይጎድላል፣ ማፍጠኛው ሲዞር ሞተሩ ይሰናከላል። የሚኒሞውን ፍጥነት በአመዛኙ የሚወስነው በሩ መሆኑ ቀርቶ የእሳቱ ሰዓት የሆነውም ለዚህ ነው፤ እጀታው ገና መዞር ሲጀምር የሚንቀሳቀሰው እሳቱ ነው፣ ነዳጁ በኋላ ይከተላል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሞተሩ በደረቅ ቦታ አይነሳም፤ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበው የጎማ መዘውር በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። በውኃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ቆሞ ይሞከራል፣ ቀጥሎም ጀልባው ላይ።

ለእኛ አገር ሐይቆች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ ያህል ቢሆን ነው። በየምቱ የሚገባው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ሞተር ሁሉ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ጉድለቱን በእሳት ሰዓት ሊሞላ ይሞክራል። እውነት ነው፣ ሳሳ ያለ ድብልቅ ዘግየት ብሎ ስለሚነድ እሳቱ ጥቂት ቢቀድም ይታገሳል፤ ነገር ግን ያልገባን አየር ምንም ዓይነት ሰዓት አያስገባውም። መድኃኒቱ ለቀጭኑ አየር የሚስማማ የካርቡራተር ቀዳዳና ጥምዝዙ የላላ ፕሮፔለር ነው። ፑንቲናው በፋብሪካው ልክ ይቆይ።

ፑንቲናን የተካው ኤሌክትሮኒክ እሳት የተሻለ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የሚበላ እግር የለውም፣ የሚቃጠል ፊት የለውም፣ አንዴ ከተስተካከለ ሰዓቱን ይጠብቃል። ሲሞት ግን ተነቅሎ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። የፑንቲናው ሞተር ደካማነቱ ሁልጊዜ እንክብካቤ መፈለጉ ነው፤ ብርታቱም ያው ነው፤ ያወቀ እጅ ካገኘ መልሶ ይድናል።

ስለዚህ አሮጌ የጀልባ ሞተር ያላችሁ ሁሉ፣ ቮላኖውን ሳያነሳ ካርቡራተሩን እያዞረ ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው አትስጡ። ቮላኖውን በመንቀያ አንስቶ፣ መሣሪያውን ከመያዙ በፊት የኮሎውን ጫፍ ወደ ጎን ገፍቶ የሚያይ መካኒክ ፈልጉ። ካገኛችሁት በዋጋ አትከራከሩት።